ቦታ የሚቀያይረው ካሴት

ከዚህ በፊት ከትምህርት ቤት ደብተር ውጭ ምንም ጽፌ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ትምህርቴን ተውኩ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር ሰዎች ለጥገና በሚያመጡት ሞባይል ጀርባ ላይ የምለጥፈው ስማቸው ብቻ ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ስለሚተሳሰር ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት፤ መናገር የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ደግሞ ይህን የሚያስጽፈኝ ነገር ባልተፈጠረ ነበር።

የምሠራው እዚሁ ቦንጋ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ሞባይል ቤት ውስጥ ነው። ጠጋኙ ተካ ይባላል፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እኔ ዕቃ እቀበላለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። በቀደም አንዲት ሴትዮ ቤት ስታጸዳ ያገኘችውን አሮጌ የእጅ ጌም በፌስታል ጠቅልላ አመጣች፤ ለልጇ ይሠራ እንደሆነ እንዲታይላት ነበር። ተካ የኋላ መክደኛውን በብሎን መፍቻ ጫፍ ፈልቅቆ ሲከፍተው፣ ውስጡ የተረሱት ሁለት የባትሪ ድንጋዮች አብጠውና ፈንድተው አረንጓዴ ዝገት አውጥተው ነበር። ሽታው እንደ ከረመ ጠላ የሚኮመጥጥ፣ ዝናብ እንደመታው ቆርቆሮ ብረት ብረት የሚል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ዘወር ይል ነበር፤ እኔን ግን ያ ሽታ ከቆምኩበት አንስቶ ከሰሚራ ቤት የጓሮ በረንዳ፣ ከኮረሪማ ከረጢቶቹ መካከል አስቀመጠኝ።

ሰሚራ የባለሱቁ የጋሽ ኑሪ ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ከመሀል አገር መጥቶ ቦንጋ የተቀመጠ ነው፤ አባቷ ጨውና ሳሙና፣ ላምባና ሚስማር ይሸጣሉ፣ ማርና ኮረሪማ ከገበሬ ይገዛሉ፣ የገዙትንም ጓሮ ባለው ሰፊ በረንዳ ላይ ይከምሩታል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዝናቡ መንገድ ላይ ይቀበለን ነበር፤ ቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ቀዩ ጭቃ የኮንጎ ጫማችንን እየመጠጠ ያስቀረዋል፣ እኛም አንድ እግራችንን አንሥተን እየተሳሳቅን በእጃችን መንጭቀን እናወጣዋለን። ከበረንዳው ስንደርስ ቆርቆሮው ከዝናቡ ብዛት ይጮሃል፣ ከሸለቆው በታች ያለው ጫካ በጉም ይዋጣል፣ እኛ አምስት ሴት ልጆች ከረጢቶቹ ላይ ተደራርበን አንድ እጅ የምታህል ስክሪን ላይ እናፈጣለን።

ጌሙን የላከችው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው የሰሚራ አክስት ናት፤ የአሠሪዎቿ ልጆች የጣሉትን ነው። ጽሑፉ አማርኛም አይደል፣ እንግሊዝኛም አይደል፣ የጫጩት እግር የሄደበት አመድ የሚመስል ፊደል ነበረው፤ ስለዚህ ያነበብነው አንድም ቃል የለም፣ ሁሉን ያወቅነው በጣታችን ነው። ውስጡ ባርኔጣ ያደረገ ትንሽ ሰው አለ፣ ቦርሳ ተሸክሞ በየጫካው እየዞረ ወፍ ይሰበስባል። እኛ ባርኔጣው እንለዋለን። ባርኔጣው አንድ ጊዜ እስኪሞት ድረስ አንድ ልጅ ትጫወታለች፣ ከዚያ ለሌላዋ ትሰጣለች፤ የባትሪ ድንጋይ ያመጣች ግን ሁለት ተራ አላት። አባቴ የራዲዮኑ ድምፅ ለምን እየሰለለ እንደሚሄድ አንድም ቀን ሳይገባው ነው የኖረው። ድንጋዩ ሲደክም በመንጋጋችን ነክሰን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ፀሐይ በሌለ ቀን ብብታችን ውስጥ እናሞቀዋለን፤ ጥሩነሽ የምትባለው ጓደኛችን በንክሻ ብዛት የፊት ጥርሷን ጫፍ አጥታ «የበቆሎ ጥሬ ነው የሰበረው» ብላ እናቷን አሳምናለች።

አምስተኛዋ ልጅ ዓለሚቱ ነበረች። ዓለሚቱ ማንጆ ናት። ከሌላ አገር ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ላያውቅ ስለሚችል ልናገር፤ በእኛ አካባቢ ማንጆዎች ከጫካው ዳር የሚኖሩ፣ ከሰልና እንጨት ወደ ከተማ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ሕዝብ ቤቱ አያስገባቸውም፣ በጠጡበት አይጠጣም፣ የነኩትን አይነካም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የማይበላ ይበላሉ ይባላል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ዝናብ እንደሚያረጥብ ሳይነገረኝ እንዳወቅሁት ነው ያወቅሁት። ትምህርት ቤት በየዓመቱ ስለ እኩልነት ንግግር ይደረግልን ነበር፤ በመንግሥት የተላኩ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ከዚያም ክፍል እንገባና ዓለሚቱ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ ወባ ይዞኝ ለሦስት ሳምንት ቀርቼ ስመለስ ከእሷ አጠገብ በቀር ባዶ ቦታ አልነበረም። ሌላ ልጅ ብትሆን «ቲቸር፣ እዚህ አልቀመጥም» ትል ነበር። እኔ እንኳን ይህን፣ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ መጠየቅም የሚያቅተኝ ስለነበርኩ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ስለዚህ ወዳጅነታችን ከደግነቴ የመጣ አይደለም። ግን ወደድኳት። በሒሳብ እኔ በጣቴ ስቆጥር እሷ መልሱን ጽፋ መስኮቱን ታያለች። ከማንኪራ መንገድ ተገንጥሎ በሚገባ መንደር ነበር የምትኖረው፤ በየቀኑ ከንጋት ጀምሮ በጫካው መሀል ስትሄድ የምታየውን ጉሬዛና የምትሰማውን ወፍ በጆሮዬ ታንሾካሽክልኛለች፣ እኔም ከሌላው ሰው ጋር የማልስቀውን ሳቅ እስቃለሁ። ለእናቴ ከማን ጋር እንደምቀመጥ አልነገርኳትም።

ወደ በረንዳው ያመጣኋት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ዝናብ ይዟት ከጋሽ ኑሪ ሱቅ ጥግ ቆማ ሳለ ሰሚራ ናት «ነይ ግቢ እንጂ፣ ምን ትበሰብሻለሽ!» ያለቻት። የሰሚራ ቤተሰብ የእኛን አገር ነገር ብዙም አያውቁትም ነበር። እነ ጥሩነሽ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ግን ጌሙ የሰሚራ ነው፣ በረንዳውም የሰሚራ ነው። ዓለሚቱ ከተጫወተች በኋላ ጌሙን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ይይዙታል፤ እሷም ሲጠርጉት ወደ ዝናቡ ታያለች።

ከዚያ ግን ቀዳዳውን አገኘች። ባርኔጣው ከሚነሳበት መንደር መሀል የውኃ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ጥግ ታቆመዋለህ፣ ቦርሳውን ትከፍታለህ፣ ወደ ስድስተኛው ኪስ ትወርዳለህ፣ ሁለት ጊዜ ተጭነህ በፍጥነት ትዘጋለህ፤ ስክሪኑ ብልጭ ይልና ቦርሳህ ውስጥ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ቀይ ወፍ ትገኛለች፣ በደህናው መንገድ ቢሄዱ ወር ሙሉ የምትፈጅ ወፍ። ጌሙ ተሳስቶ የማይነካውን ቦታ ነክቶ ነው የሚሰጥህ። ዓለሚቱ ይህን ያገኘችው ማንም ሳያስተምራት ነው፤ መቶ ጊዜ ብትሞክረው መቶ ጊዜ ይሠራል። ያን ክረምት በረንዳው ላይ ንግሥት ሆነች። ጥሩነሽ እንኳ «ዓለሜ፣ ነይ በሞቴ፣ አንዴ ቀዳዳውን ሥሪልኝ» ትላት ጀመር፤ ቀይዋ ወፍ ስትመጣም ጌሙን መጥረግ ትረሳለች።

በዓመቱ ከጅዳ ጌሙ ጀርባ ላይ የሚሰካ ሁለተኛ ካሴት መጣ። ጌሙ ያው ነው፣ ባርኔጣው ያው ነው፣ ጉድጓዱም ያው ነው፤ ወፎቹ ግን በዝተዋል፣ ካሴቱም አረንጓዴ ነው። ሰሚራ ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ሳይቀር ተጫውታ ብዙ ወፍ ሰበሰበች፣ ሴቭ አደረገችው፣ ለእኛም ተራ ስትሰጠን «ወፎቼን እንዳታጠፉ» እያለች ትለማመጠን ነበር። አንድ ቀን ሰሚራ እናቷ ጠርታት ገባች፣ ሌሎቹም ገና አልደረሱም፣ ጌሙም እጄ ላይ ቀረ። ቀዳዳውን ሞከርኩት። ቀይ ወፍ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ስክሪኑ በተሰባበረ ፊደልና በጥቁር ነጥብ ተሞላ፣ አንድ የሚያቃስት ድምፅ አሰምቶ ደረቀ። የባትሪውን ድንጋይ አውጥቼ መለስኩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ወፎቹ ነበሩ። ጌሙን ከረጢቱ ላይ አስቀምጬ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ፣ ሰሚራ ስትመለስም ምንም አልነገርኳትም።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ለዓለሚቱ ብቻ ነገርኳት። ደብተሯን ከልላ ሳቀች።

«አትፍሪ ብዙዬ፣ ዛሬ እኔ አየዋለሁ» አለችኝ። «ያው ቀዳዳ ነው፣ ቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይሆናል።»

ለእኔ ብላ ነው የሞከረችው። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ተደራርበን ተቀምጠን ሳለ ጌሙን ተቀበለች፣ ባርኔጣውን ከጉድጓዱ ጥግ አቆመች፣ ቦርሳውን ከፈተች፣ ሁለት ጊዜ ተጫነች። ስክሪኑ ያንኑ የተሰባበረ ፊደል ተፋ፣ ከዚያ ጠቆረ። ስናበራው የሰሚራ ወፎች አንድም የሉም። ባርኔጣው ባዶ ቦርሳውን ተሸክሞ ከመንደሩ መሀል እንደ አዲስ ቆሟል።

ሰሚራ ማልቀስ ስትጀምር ጥሩነሽ «እጇ ነው» አለች።

«የምን እጅ?» አለች ሰሚራ እያለቀሰች።

«አታውቂም እንዴ? እናንተ ከሌላ አገር ስለመጣችሁ አይገባችሁም። አያቴ እነሱ የነኩትን ዕቃ በእርጥብ ሣር ሳታሽ አትነካም።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «እስቲ ተናገሩ፣ በማናችን እጅ ተበላሽቶ ያውቃል? በእኔ እጅ ተበላሽቶ አያውቅም።»

«በእኔም እጅ አልተበላሸም» አለች አራተኛዋ ልጅ።

«ብዙዬ፣ በአንቺስ?»

ዓለሚቱ እያየችኝ ነበር። አልተቆጣችም፣ አልለመነችኝም፣ የሚቀጥለውን ቃል እንደምታውቅ ሰው ብቻ ጠበቀችኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሁሉም ሲያዩኝ ግን ፊቴ ጋለ፣ ሰሚራ የእኔንም ነገር ብትሰማ ምን ትለኛለች ብዬ አሰብኩ፣ እና ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ዓለሚቱ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። አንድ ቃል ብትናገር ታጋልጠኝ ነበር፤ አልተናገረችም።

የቀረው የባሰ ነው። ጥሩነሽ ወደ ጓሮው ወርዳ ዝናብ ያራሰው ሣር ነጭታ መጣች፣ ጌሙን ፊትና ጀርባውን አሸችው፣ የባትሪ ድንጋዩንም አውጥታ አሸችው፣ አያቷ የምትለውን የመሰለ ነገር አጉተመተመች፤ በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ከዚያ እኛን ለማሳመን ራሷ ባርኔጣውን ከጉድጓዱ አቆመችና ቀዳዳውን ሠራችው። ስክሪኑ ብልጭ አለ። ቀይዋ ወፍ መጣች።

ጩኸታችን ሱቁ ድረስ ተሰማ። እኔም ጮኽኩ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ለአንድ አፍታ እኔ ራሴ አመንኩት፣ በእኔ እጅ መድረቁንም ከዓለሚቱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስለምቀመጥ ከእሷ ተጋብቶብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን የማታውቀው ሰሚራ በዓይኗ ካየች በኋላ ምን ትበል? ክፉ ልጅ አልነበረችም። እንባዋን ጠርጋ ወደ ሱቁ ገባች፣ ከጠርሙሱ ከረሜላ ይዛ ወጣች፣ «አይዞሽ፣ አልተቆጣሁሽም፣ ግን ከእንግዲህ አትንኪው እሺ?» አለቻትና ከረሜላውን እጇ ላይ ከላይ ጣለችላት። እጅ ለእጅ እንዳይነካካ። ቅድም አንድ ከረጢት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነበር የተቀመጡት።

ወሬው ከበረንዳው ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሌሊት አልፈጀበትም። የዓለሚቱን ጠመኔ የሚቀበል ጠፋ፤ የቧንቧውን እጀታ ከከፈተች ሌላው በሣር ይዞ ይዘጋዋል፤ ስሟን የማያውቁ የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ «ጌም አጥፊዋ!» እያሉ ይከተሏታል። የክፍላችን ኃላፊ ነገሩን ለማብረድ ብለው እኔን ከአጠገቧ አንሥተው ወደ ፊተኛው ዴስክ አመጡኝ፣ «ለዓይንሽም ይሻላል» አሉኝ፤ ዓይኔ ምንም አልነበረበትም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተልኳት፤ እውነቱን ነገ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ ልላት ነበር። ድልድዩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ረጅም ጊዜ ቆመን ውኃውን አየን፣ አንድም ቃል ሳልናገር ጨለመባትና ሄደች። ክረምቱ ሳይገባ ከትምህርት ቤት ቀረች። ስሟ ከመዝገቡ ላይ ለጥቂት ሳምንት ሲጠራ «የለችም» እንል ነበር፣ ከዚያ መጠራቱም ቀረ።

ተካ የሴትዮዋን ጌም ዝገት በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፍቆ፣ አዲስ ድንጋይ ጨምሮ ሲያበራው ባርኔጣው ከመንደሩ መሀል ቆሞ አገኘሁት። አረንጓዴው ካሴት ነበር። ጣቶቼ ሳላዛቸው ሄዱ። መጀመሪያ ደረቀ። ሁለተኛ የተሰባበረውን ፊደል ተፋ። በሦስተኛው ቀይዋ ወፍ መጣች፣ ያለ ምንም ሣር። ተካ የድሮ ጌሞችን ስልኩ ላይ ጭኖ የሚጫወት ሰው ስለሆነ ተገርሞ ሳቀ።

«አንቺ ደግሞ ይህን ከየት ታውቂዋለሽ? የመጀመሪያው ካሴት ነው እንጂ ይሄኛው አያስተማምንም።»

«ለምን?» አልኩት።

«የማር ሌባ ነሽ እንበል» አለ ከወንበሩ ዞሮ። «ቀፎው ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ዓይንሽን ጨፍነሽም ታገኚዋለሽ። የድሮው ካሴት እንደዚያ ነው፣ ሁሉን ነገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያስቀምጣል። ሠሪዎቹ ሰው በዚያ ቀዳዳ እየገባ ሲያስቸግራቸው አዲሱን እንዲህ አደረጉት፤ ቦርሳው በተከፈተ ቁጥር ዕቃውን ሁሉ እንዳገኘ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። ቀፎው በየጊዜው ዛፍ ይቀይራል ማለት ነው። እጅሽን ስታስገቢ አንድ ቀን ማር፣ አንድ ቀን ቅርንጫፍ፣ አንድ ቀን እባብ።»

«ታዲያ... የያዘው ሰው እጅ አይለይም?»

«የምን እጅ?» አለ። «የንጉሥ እጅም ቢሆን ያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የጠፋውን ስመዝን ከረምኩ። የሰሚራ ቤተሰብ ሱቁን ሸጦ ወደ መሀል አገር ከተመለሰ ቆይቷል፤ በረንዳው ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ጥሩነሽ ዋጫ ከተማ አግብታ ልጆች ወልዳለች፣ ስትመጣ ትስመኛለች፣ ስለዚያ ቀን ባነሳባት የምታስታውስ አይመስለኝም። የሰሚራ ወፎች በሁለት ሳምንት ተሰብስበው ተተክተዋል። እኔም ሳቄን አጥቻለሁ ብል ማጋነን ነው፣ እስቃለሁ፣ ግን በጆሮዬ እያንሾካሾከ የሚያስቀኝ ሰው ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። የዓለሚቱን ስመዝን ሚዛኑ ያቅተኛል። ያ ሒሳብ ወዴት ያደርሳት እንደነበር ማን ያውቃል? ተካ በልምድ ነው የሚጠግነው፤ እሷ ብትማር ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ነበረች እያልኩ አስባለሁ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከማንኪራ የሚመጣው መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኋት። እንጨት ከሚያወርዱት ሴቶች መሀል በአካሄዷ ለየኋት፤ ጎንበስ ብላ ከቁመቷ የሚበልጥ ሸክም አዝላለች፣ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ልጅ የራሷን ትንሽ የእንጨት እስር ይዛ ትከተላታለች። ስጠጋት ከመንገዱ ወርዳ ሣሩ ላይ ቆመች፣ ፊቷንም ሳታነሳ «እኔ ልሙትልዎ» አለች። ሽማግሌዎቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙን የሚሉን ሰላምታ ነው፤ በትምህርት ቤት ዘመናችን ለአስተማሪ እንኳ ብላው አታውቅም።

«ዓለሜ፣ እኔ ነኝ፣ ብዙዬ» አልኳት።

«አውቄሻለሁ።»

ከዚያ በሕይወቴ ተናግሬ የማላውቀውን ያህል ተናገርኩ። ካሴቱን ነገርኳት፣ ቦርሳው በተከፈተ ቁጥር ዕቃው ቦታ እንደሚቀይር ነገርኳት፣ ዛፍ የሚቀይረውን ቀፎ ነገርኳት፣ ሣሩም አጋጣሚ እንደነበረ፣ በእኔ እጅ እንደደረቀ ሁሉ በንጉሥ እጅም እንደሚደርቅ፣ አንቺ ያኔ «ፈቀቅ ብሎ ይሆናል» ያልሽው ልክ እንደነበረ፣ እጅሽ ምንም እንዳልነበረበት። እየተንተባተብኩ፣ እያለቀስኩ ነገርኳት። ሸክሟን ሳታወርድ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ የልጅቷን እጅ ያዘች፣ ያን ቀን በረንዳው ላይ እንዳየችኝ አየችኝ።

«ካሴቱስ ዕቃ ነው» አለችኝ። «አንቺስ?»